ቶናን በአቦል ዋጋ

ልጅ የሚጫወትበት ነገር ሲያናድደው ትልልቅ ሰዎች መሳቅ ይቀናቸዋል። "ጨዋታ አይደል እንዴ? ምን ያስቆጣል?" ይባላል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። በጊቫት ሽሙኤልና አጠገቧ ባለችው ፔታህ ቲክቫ፣ ሻባት ወጥቶ ልጆች መነጽራቸውን ፊታቸው ላይ ሲያስሩ ይሄ ንግግር በብዙ ቤት ይሰማል። ልጁ ለወራት የጠበቀው ጨዋታ ሁለተኛ ክፍል ወጥቶ፣ ገዝቶ፣ ተጫውቶ፣ "ይሄማ እንደ መጀመሪያው አይደለም" ብሎ መነጽሩን ሶፋው ላይ ሲወረውር አያት የሚታየው የጠገበ ልጅ ቅብጠት ነው።

እንዲህ ያለውን ቁጣ ቅብጠት ብሎ መዝጋት ግን ስህተት ነው። ልጁ ስለ ጨዋታ የሚያወራ ቢመስልም፣ ነገሩ ሲገለጥ ስለ ቃል፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሥራ ጥራት ነው የሚያወራው። በእነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ ግራ ቀኙን ሰምቶ መፍረድ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የሽማግሌ ሥራ ነው። ችግሩ ልጁ ክሱን የሚያቀርበው በዕብራይስጥ፣ ያውም ሽማግሌው በማያውቀው የጨዋታ ቋንቋ መሆኑ ነው።

ለመፍረድ መጀመሪያ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ልጆቹ "ሜፂኡት ሜዱማ" የሚሉት፣ በአማርኛ ምናባዊ እውነታ የሚባለው፣ እንዲህ ነው የሚሠራው። መነጽሩ ዓይንን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ለቀኝና ለግራ ዓይን ለየብቻ ምስል ያሳያል፤ ራስ ሲዞር ምስሉም አብሮ ይዞራል። በሁለት እጅ የሚያዙት መቆጣጠሪያዎች ደግሞ እጅ የት እንዳለ ለመሣሪያው ይነግሩታል። ስለዚህ ልጁ ቴሌቪዥን እንደሚያይ ሰው ውጭ ቁጭ ብሎ አያይም፤ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። ከሶፋው ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ልጁ አየር ይመታል፤ ለራሱ ግን በር እየከፈተ ነው፣ ግድግዳ እየወጣ ነው። እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ሲበላሽ ከስልክ ጨዋታ በላይ የሚያናድደውም ለዚህ ነው። የተታለለው ዓይን ብቻ ሳይሆን ሰውነት ጭምር ነው።

በዚህ ዓለም ውስጥ ብዙ ካነጋገሩት ነገሮች አንዱ የቦንወርክስና የቦንላብ ጉዳይ ነው። ቦንወርክስን የሠራው ስትሬስ ሌቨል ዚሮ የሚባል ትንሽ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ጨዋታው ዲሴምበር 10 ቀን 2019 በ30 ዶላር ለገበያ ቀረበ። የሚሠራውም ኃይለኛ ኮምፒውተር ላይ ከተገጠመ መነጽር ጋር ነበር። ወጣቱን የማረከው ዋናው ነገር ክብደት ነው። እስከዚያ ድረስ በአብዛኞቹ የመነጽር ጨዋታዎች ተጫዋቹ አየር ላይ የሚንሳፈፉ ሁለት እጆች ብቻ ነበሩት። በቦንወርክስ ግን ሙሉ ገላ ተሰጠው። መዶሻ ሲያነሳ ይከብደዋል፤ ሳጥን በሳጥን ላይ ደርድሮ አጥር ይሻገራል፤ በር አልከፈት ካለው በእጁ ያገኘውን ብረት ሰንቅሮ ይፈለቅቃል። አንዱን ችግር አንዱ ልጅ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይፈታዋል።

ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ብዙዎችን አቅለሽልሿቸዋል፤ ገላውም አንዳንዴ ዕቃ ላይ ተጠላልፎ ይቀር ነበር። ግን አዲስ ነበር። ሠሪዎቹ ለተጫዋቹ አእምሮ ክብር እንደሰጡ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ወጣቶቹ "መጀመሪያው እንዲህ ከሆነ ሁለተኛው ምን ሊሆን ነው?" እያሉ መጠበቅ ጀመሩ።

ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሁለተኛው መጣ። አፕሪል 2022 ፌስቡክን የያዘው ሜታ ባዘጋጀው የጨዋታዎች ማሳያ ላይ ቦንላብ ተዋወቀ፤ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2022 ደግሞ ወጣ። በእስራኤል ጊዜው በሮሽ ሃሻናና በዮም ኪፑር መካከል ነበር፤ የበዓል ስጦታ ገንዘብ ከልጆች ኪስ ገና ያልወጣበት ሰሞን። ዋጋው 40 ዶላር፣ በወቅቱ ምንዛሪ ወደ 140 ሸቀል፣ ማለትም ከመጀመሪያው በ10 ዶላር የሚበልጥ ነው። ጨዋታው ያለ ኮምፒውተር፣ ኩዌስት 2 በሚባለው የሜታ መነጽር ላይ ብቻውን እንዲሠራ ሆኖ ነው የተዘጋጀው። የመነጽሩን ዋጋ ደግሞ ሜታ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በ100 ዶላር ጨምሮ ከ300 ወደ 400 ዶላር አድርሶት ነበር።

አጀማመሩ ኃይለኛ ነው። ተጫዋቹ ዓይኑን ሲገልጥ አንገቱ ላይ ገመድ ገብቷል፤ ሊሰቀል ነው። ከዚያ አምልጦ ብዙ መንገድ ከሄደ በኋላ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ይገባል። ታሪኩም እዚያ ላይ ቆመ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ከላቦራቶሪው እየተነሱ ወደተበታተኑ ትንንሽ ጨዋታዎች መግባትና መውጣት ነው፤ አንዱ ተኩስ፣ አንዱ ሩጫ፣ አንዱ ዝላይ። ለመቀጠል የሚያስፈልጉ ነገሮች ከየቦታው ይለቀማሉ። ታሪኩ ተመልሶ ሲመጣ ብዙም ሳይቆይ ያልቃል።

አዲስ ነገር አልነበረውም ቢባል ሐሰት ይሆናል። ተጫዋቹ ገላውን መቀየር ይችላል፤ ግዙፍ ሲሆን ይበረታል፣ ትንሽ ሲሆን ይፈጥናል። ሌሎች ሰዎች የሠሯቸውን ገላዎችና ቦታዎች አውርዶ መጨመርም ይቻላል። ይሄንን የወደዱ ብዙ ልጆች አሉ፤ ዛሬም ይጫወቱታል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ወዳጆች ግን ሌላ ነገር ነበር የጠበቁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘ መንገድ ጠብቀው ቁርጥራጭ አገኙ። አእምሮን የሚፈትነው ቀንሶ ተኩሱ በዛባቸው። ከሁሉም በላይ ያስከፋቸው፣ ባዶ የቀረውን ቦታ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በሠሩት ነገር እንዲሞሉት መተዉ ነው። ድግስ ጠርቶ፣ እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ "እንጀራው አለ፣ ወጡን እናንተ አምጡ" እንደማለት ነው። እንግዳው ወጥ መሥራት ይችል ይሆናል፤ ደስም ይለው ይሆናል። የተጠራው ግን ለዚያ አልነበረም።

ነገሩ የአንድ ድርጅት ችግር ብቻ አይደለም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ "ዘ ዎኪንግ ዴድ፦ ሴይንትስ ኤንድ ሲነርስ" የተባለው ጨዋታ ሁለተኛ ምዕራፍ ወጣ። የ2020ው የመጀመሪያው ክፍል በጎርፍ በተመታች ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የሚካሄድ፣ እጅግ የተወደደ ጨዋታ ነበር። በሁለተኛው ተጫዋቾቹ ብዙዎቹን የድሮ ሰፈሮች መልሰው አገኟቸው፤ በዚያ ላይ ሲወጣ ስህተት የሞላበት ነበር። ኦንዋርድ የሚባለው የወታደር ጨዋታ ደግሞ የባሰ ነገር አጋጠመው። በ2020 በጋ ኩዌስት ላይ እንዲሠራ ተብሎ ሲታደስ፣ ቀድሞ ለኮምፒውተር የገዙት ሰዎች የራሳቸው ጨዋታ ሥዕሉ ደብዝዞ ጠበቃቸው። አዲስ ነገር ሳይገዙ አሮጌው ቤታቸው ውስጥ እያለ ተለወጠባቸው።

ይሄን ክስ ለሽማግሌ ለማስረዳት ከቡና የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ቡና ሲፈላ አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ። ቶና ከአቦል ይቀጥናል፤ በዚህ የሚቆጣ ሰው የለም። ከአንዱ ቡና ላይ ውሃ ተጨምሮ እንደተደገመ ሁሉም ያውቃል። ቶና በስሙ ቶና ተብሎ ይቀርባል፤ ለሱ ተብሎ የሚጠየቅ ሌላ ሒሳብም የለም። ሰው የሚቀመጠው ለጨዋታው ነው። አሁን ግን አንዷ ቡና አፍይ አተላው ላይ ውሃ ጨምራ፣ "አዲስ ቆልቼ የወቀጥኩት ነው፣ ከመጀመሪያውም ይበልጣል" ብላ ብታቀርብ፣ ከአቦሉም የበለጠ ዋጋ ብትጠይቅ፣ ቤቱ ሁሉ ይታዘባታል። ከዚያ በኋላ አቦሏንም የሚያምን አይኖርም። የወጣቶቹ አቤቱታ ይሄው ነው፤ ቶና በአቦል ዋጋ ተሸጠብን ነው የሚሉት።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አንደኛው ምክንያት የመሣሪያው አቅም ነው። ብቻውን የሚሠራው መነጽር ውስጡ ያለው አንጎል የስልክ ዓይነት ነው፤ ባትሪም ይበላበታል፣ ይሞቅበታልም። ትልቅ ኮምፒውተር የሚሸከመውን ሁሉ እሱ ላይ መጫን አይቻልም። ብዙው ገዢ ያለው ግን እሱ ዘንድ ስለሆነ ሠሪዎቹ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ሲሄዱ ደግሞ ዕቃቸውን ያራግፋሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይከፋል። የመጀመሪያው ጨዋታ የሚሸጠው በሥራው ነው፤ ማንም አያውቀውም፣ ስለዚህ ራሱን ማሳመን አለበት። ሁለተኛው የሚሸጠው በመጀመሪያው ስም ነው። ገና ሳይወጣ ወረፋ ይዘው የሚጠብቁት አሉ፤ አንዳንዶቹም አስቀድመው ከፍለዋል። ገንዘቡ ከሥራው ቀድሞ ኪስ ከገባ፣ ሥራውን እስከ መጨረሻው የሚያደክም ምን ነገር አለ? "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ገበያ ነው።

የሠሪዎቹም ወገን መሰማት አለበት። የመነጽር ጨዋታ ገበያ ከሌላው የጨዋታ ገበያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ውድና አድካሚ ነው። አንድ ትንሽ ድርጅት ያንኑ ነገር ደግሞ ከመሥራት ሌላ መንገድ ልሞክር ቢል መብቱ ነው። ቦንላብም በስሙ ላቦራቶሪ ነኝ ብሏል፤ ሰው እየገባ የራሱን ነገር የሚሞክርበት ቦታ መሆን ነበር ሐሳቡ። ይሄ ክርክር ክብደት አለው።

የመሣሪያው አቅም አነሰ የሚለው ምክንያት ግን ብዙ አያስኬድም። ሬድ ማተር 2 የተባለውን ጨዋታ ቨርቲካል ሮቦት የሚባል ትንሽ የስፔን ድርጅት ሠርቶ፣ ቦንላብ ከመውጣቱ ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ በዚያው ኩዌስት 2 ላይ አወጣው። እሱም የ2018 ጨዋታ ሁለተኛ ክፍል ነው። በዚያ ትንሽ መሣሪያ ላይ እንዲህ ያለ ጥራት ይገኛል ብሎ ያላሰበውን ሁሉ አስገርሟል። ከዚያ በፊት ደግሞ ቫልቭ የተባለው ትልቅ ድርጅት ከ2007 ጀምሮ ያቆመውን የሃፍ ላይፍ ታሪክ ማርች 2020 በአሊክስ መለሰው። ከ12 ዓመት በላይ የጠበቁት ሰዎች የተሰጣቸው ከሥሩ ለመነጽር ተብሎ የተሠራ ጨዋታ ስለነበር አመሰገኑ። የትንሹም የትልቁም ድርጅት ምሳሌ የሚያሳየው አንድ ነው። ተከታይ ሥራ የግድ መቅጠን የለበትም።

እዚህ ላይ የሽማግሌ ጥበብ የሚያስፈልግበት ሌላ ነጥብ አለ። የልጁ ቅሬታ ሁሉ የሠሪው ጥፋት አይደለም። ሰው መነጽሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አድርጎ መዶሻ ሲከብደው የተሰማው መደነቅ ዳግመኛ አይመጣም፤ ምንም ዓይነት ሁለተኛ ክፍል ሊያመጣው አይችልም። ከብዙ ዓመት በኋላ ጎንደርን ለማየት የተመለሱ ሰዎች ይሄን ያውቁታል። በልጅነት ትልቅ የነበረው ኮረብታ አንሶ፣ ሰፊ የነበረው ወንዝ ጠቦ ይገኛል። ኮረብታው አላጠፋም። ስለዚህ "ከዚህ ውስጥ የሠሪው ጉድለት የቱ ነው? የአንተ ማደግስ የቱ ነው?" ብሎ ልጁን መጠየቅ ይቻላል። ይሄን ጥያቄ ጓደኞቹ አይጠይቁትም፤ ጨዋታውን የሚሸጥለትማ ጭራሽ አይጠይቀውም።

ቃል ተገብቶ ሲቀር ምን እንደሚመስልም የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች አስረጂ አያስፈልጋቸውም። ለጥቂት ጊዜ ነው ተብሎ የተገባባቸው የካራቫን ሰፈሮች ስንት ዓመት እንደቆዩ ያውቃሉ። የ140 ሸቀል ጨዋታና የሰው ኑሮ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም፤ ማንም አያስቀምጣቸውም። ግን ልጅ "የተባልኩትና ያገኘሁት አልገጠመም" ብሎ መናገርን የሚለምደው በትንሽ ነገር ነው። በትንሹ "ዝም በል፣ ጨዋታ ነው" የተባለ ልጅ፣ ነገ የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ወይም የቤት ኪራይ ውሉ ላይ ያልተስማማበትን ነገር ሲያይ ዝም ቢል አይገርምም።

አንዳንድ ሽማግሌ "ቀድሞውንም ምን ሊያደርግ ገዛው?" ይላል። ይሄም ተገቢ ጥያቄ ነው። መነጽሩ ጊዜ ይበላል፣ ራስ ያዞራል፤ ቦንላብን የመሰለ ጨዋታ ደግሞ መሣሪያና ግድያ የሞላበት ስለሆነ ለትንሽ ልጅ አይሆንም። ሜታ ራሱ ለኩዌስት ያስቀመጠው ዕድሜ 13 ዓመት ነበር፤ ከ2023 ጀምሮ ከ10 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ወላጅ በሚቆጣጠረው መለያ እንዲገቡ ፈቅዷል። አያት ይሄን አውቆ ከወላጅ ጋር ቢመክር ጥሩ ነው። መከልከልና ማጣጣል ግን ይለያያሉ። የተከለከለ ልጅ ምክንያቱን ይጠይቃል፤ የተናቀ ልጅ ወሬውን ወደ ሌላ ቦታ ይዞ ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ ለዚህ ዕቃ የሚወጣው ገንዘብ ከባር ሚጽቫ፣ ከባት ሚጽቫና ከበዓል ስጦታ የመጣ ነው። አያቶች ከጡረታቸው ቀንሰው የሰጡትም አለበት። ስለዚህ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይቻላል። ዕቃው ጉድለት ከሌለበት ሻጩ ሊይዝ የሚችለው የዋጋውን 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ገዢው 65 ዓመት የሞላው፣ አካል ጉዳተኛ ወይም አገር ከገባ አምስት ዓመት ያልሞላው ከሆነና ከሻጩ ጋር በቃል ወይም በጽሑፍ ተነጋግሮ ከገዛ፣ ጊዜው እስከ አራት ወር ይደርሳል።

ይሄ መብት ግን መነጽሩን እንጂ ከኢንተርኔት የወረደውን ጨዋታ አይሸፍንም። ለጨዋታው የሚያገለግለው የሻጩ መደብር የራሱ ደንብ ነው። በስቲምም በሜታም ደንቡ ተቀራራቢ ነው፦ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት ያነሰ የተጫወተ ሰው ገንዘቡን መልሶ መጠየቅ ይችላል። ልጁ ይሄን ሰዓት መቁጠር አለበት፤ ምክንያቱም ሠሪ ሁሉ ምርጡን ነገር ፊት ላይ ነው የሚያስቀምጠው። የቦንላብን አጀማመር ያስታውሷል። ገመዱ ከአንገት ወርዶ፣ ላቦራቶሪው ተደርሶ፣ ነገሩ መቅጠኑ ሲታወቅ ሁለቱ ሰዓት አልፎ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መቆየት ነው። ጨዋታ እንደ ዳቦ አይሻግትም። በወጣበት ቀን ያልተገዛ ጨዋታ ከወር በኋላም እዚያው አለ፤ በዚያን ጊዜ የቀመሱት ሰዎች ተናግረዋል፣ ስህተቱ ከነበረም በከፊል ታርሟል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። አስቀድሞ የሚከፍል ሰው ግን ለሥራው ሳይሆን ለተስፋው ነው የከፈለው። ይሄን ለልጅ ማስረዳት የሚችል ሰው የጨዋታውን ስም ባያውቅም ችግር የለውም።

ተከታይ ክፍሎች መውጣታቸው አይቀርም፤ ማስታወቂያው ያበራል፣ ልጆቹም ይቸኩላሉ። ያኔ አያት "ጨዋታ ነው" ብሎ ከሚስቅ፣ "የመጀመሪያው ምኑ ነበር ደስ ያለህ? በሁለተኛውስ ምን ቃል ገቡልህ?" ብሎ ይጠይቅ። ልጁ በዕብራይስጥ ይመልስ፣ አያት በአማርኛ ይከራከር፤ አቦልና ቶና የሚሉትን ቃላት ሁለቱም ያውቋቸዋል። ገንዘቡ ግን ሌላ ሰው ቀምሶ እስኪናገር ድረስ ኪስ ውስጥ ይቆይ።